እንግዳ ሲመጣ የሚድኑት አማቴ

ለክቡር አቶ ሆ ታክሱ
የሃምፖ ከተማ የጭንቀትና የሕመም የመቋቋም አቅም መለኪያ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረው ጤናዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለማዕከልዎ መለኪያዎች ሁሉ መልካሙን እመኛለሁ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ምግብ ይስማማዎታል? ጭንቀት ሲገጥምዎ ረጅም አየር ስበው ባሕሩን ይመለከታሉ? መልስዎን «ፈጽሞ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ» ወይም «ሁልጊዜ» ብለው ቢመርጡልኝ ደስ ይለኛል፤ ማብራሪያ ግን ቦታ ስላልተተወለት እንዳይደክሙ። ይህን አጠያየቅ የተማርኩት ከእናንተው ስለሆነ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

ስሜ ናም ቦክሂ ይባላል። ትንንሽ ዓሣ ከሚሰጣበት ሜዳ ጀርባ ካሉት ቤቶች በአንዱ፣ ከአማቴ ከወይዘሮ ፒዮ ቦንጊም ጋር እኖራለሁ። ባለቤቴ፣ ማለትም የእሳቸው ልጅ፣ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለት መበለቶች ነን። አማቴን ፓርኪንሰን የሚሉት፣ እጅና እግር የሚያንቀጠቅጥና ሲያሻው ደግሞ እንደ እንጨት የሚያደርቅ በሽታ ይዟቸዋል። እስካለፈው ወር ድረስ አንዲት ተንከባካቢ በከተማው ወጪ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታጥባቸው፣ ታለብሳቸውና ኪኒናቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸው ነበር። ማዕከልዎ አማቴን ለካቸው፤ ተንከባካቢዋም ቀረች። እኔ ደግሞ በመጪው ወር የመጀመሪያው ሰኞ አንጀቴ ላይ የበቀለ ዕጢ እንዲወጣልኝ በክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ቀጠሮ አለኝ። አንድ ጊዜ አስተላልፌዋለሁ። ብዙ መናገር የማይወደው ሐኪሜ፣ ደግሜ ላስተላልፈው እችል እንደሆነ ስጠይቀው፣ መነጽሩን አውልቆ «ወይዘሮ ናም፣ እርስዎ ቀጠሮ ቢያስተላልፉ ዕጢው አያስተላልፍም» አለኝ። የሚጠብቃቸው ሰው ከሌለ አማቴን ጥዬ መሄድ አልችልም። ጉዳዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ ከመምጣታችሁ በፊት ስለደወላችሁ አመሰግናለሁ። በትልቅ ሰው ቤት ሳያስታውቁ መግባት ነውር መሆኑን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት በዚህ ዘመን ማግኘት ቀላል አይደለም። ስልኩን ያነሱት አማቴ ራሳቸው ነበሩ። «ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው ሊመጣ ነው» አሉኝና ወዲያው የቤቱን ወለል ዓይናቸውን አጥብበው ያዩት ጀመር፤ እኔም ምን እንደሚከተል አውቄ መጥረጊያውን አነሳሁ። በማግስቱ ጸጉር ቤት ውሰጂኝ አሉ። በእኛ ከተማ ያሉ አሮጊቶች ሁሉ የሚደፉትን ያንን ጥብቅ ጥቅልል ለመሠራት፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው መያዝ የሚያቅታቸው ሴትዮ ግማሽ ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንገታቸውን ከኋላ ሆኜ በሁለት እጄ የደገፍኩት እኔ ነኝ።

«እማማ፣ ሰውየው እኮ የሚመጣው መታመምዎን ሊያይ ነው» አልኳቸው።

«ታመምኩ እንጂ ተዋረድኩ እንዴ?» አሉኝ በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ።

ጸጉር ሠሪዋም «ልክ ብለዋል፤ እንዲያውም ትንሽ የከንፈር ቀለም ቢጨመርበት» አለች። ክቡርነትዎ እንደሚረዱት፣ እኔ ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ሰው ነበርኩ።

በምርመራው ቀን ሌላም ነገር ተደርጓል፤ እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አማቴ የጠዋቱን ኪኒን ለተንከባካቢዋ የዋጡ መስለው በእጅጌያቸው አስቀርተው፣ እንግዳው ሊደርስ ሲል ከቀኑ ኪኒን ጋር አንድ ላይ ወስደውታል። ይህ መድኃኒት ሲደረብ ለጥቂት ጊዜ ሰውነትን ያላላልና በኋላ ሒሳቡን ከነወለዱ ያስከፍላል። ሐኪማቸው እንዲህ እንዳያደርጉ ለምኗቸዋል። እሳቸው ግን ሐኪሙ እንግዳ መጥቶበት አያውቅም ባይ ናቸው።

ሁለተኛ፤ አቶ ቢዮን ዎንሶክን ስለላካችሁልን አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ትሁት ልጅ ከየት አገኛችሁት? ጫማውን አውልቆ የጫማውን አፍንጫ ወደ በሩ መልሶ አስተካከለ፣ ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ ሰገደ፣ «እማማ፣ ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ» አለ። አማቴ በዚያች ደቂቃ ቢጠይቃቸው ኖሮ ቤቱንም ይፈርሙለት ነበር። የገብስ ሻይ እኔ ልቅዳ ብዬ ስነሳ በዓይናቸው መለሱኝና ማንቆርቆሪያውን ራሳቸው አነሱት። እሳቸው ማንቆርቆሪያ ካነሱ ሁለት ዓመት አልፏል። የፈላ ውኃ ነው፤ ልጁ ጉልበቱን አጥፎ ልክ ከሥሩ ተቀምጧል። ቀዱ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። አቶ ቢዮን ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጻፈ።

ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ የሰማሁትን እንዳለ አቀርባለሁ።

«እማማ፣ ባለፈው ወር ከአቅሜ በላይ ነው ያሉት ነገር ገጥሞዎት ነበር?»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ጦርነቱን ያየሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ምን ነገር አለ ብለህ ነው?»

«ፈጽሞ» ላይ ምልክት ተደረገ።

«ሕመሙ ሲብስብዎ ስሜትዎን ለቅርብ ሰው ያካፍላሉ?»

«ምን በደሉኝ ብዬ?»

ይህም፣ በውጤቱ ላይ እንዳየሁት፣ «በራስ የመተማመን ብርታት» በሚለው ሥር ሙሉ ነጥብ አግኝቷል።

«እርዳታ እፈልጋለሁ የሚል ስሜት ተሰምቶዎት ያውቃል?»

«እርዳታ የሚያስፈልገውስ አንተ ነህ። ምነው እንዲህ ከሳህ? ሚስት የለችህም እንዴ?»

አቶ ቢዮን ጆሮው ድረስ ቀላ። ሚስት እንደሌለው፣ የሚኖረው ብቻውን በአንድ ክፍል ቤት እንደሆነና ራቱ ብዙ ጊዜ በፈላ ውኃ የሚረጥብ የጣሳ ፓስታ መሆኑን ከአማቴ በቀር ማዕከልዎ ውስጥ የሚያውቅ ሰው እንዳለ እጠራጠራለሁ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እየለካ እንደነበር መናገር ያስቸግረኛል። ብቻ እሱ ሲሄድ ሁለት ዕቃ ኪምቺ፣ ያንን በበርበሬ የታሸ ጎመን፣ ተሸክሞ ነበር፤ አማቴም «ቀልድን እንደ መቋቋሚያ መጠቀም» በሚለው አምስት ከአምስት።

ሦስተኛ፤ ይህን ሳነሳ ድምፄ ትንሽ ቢለወጥ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ እኔንም ስለጠየቃችሁኝ አመሰግናለሁ። አስታማሚውም ይለካል ተባለ። በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወለል ላይ፣ አማቴ በእኔና በልጁ መካከል ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው ሳለ፣ አቶ ቢዮን እጅግ በተከበረ ድምፅ «ወይዘሮ ናም፣ አማትዎን መንከባከብ ሸክም ሆኖብኛል ይላሉ?» አለኝ።

አማቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እኔን አላዩም፤ ስኒውን ነው ያዩት።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ የጻፈው ሰው፣ አማት ነበረው? ወይስ ጥያቄው አማት ከሌለበት አገር ተገልብጦ የመጣ ነው? እኔ ምን እንድል ነበር የታሰበው? «ሁልጊዜ» ብዬ፣ ልጁን ሸኝቼ፣ ከዚያ ራት ላቀርብላቸው ነበር?

«ሸክም? ደስታዬ ናቸው እንጂ» አልኩ።

«የራስዎ ጤንነትስ እንዴት ነው?»

የዕጢውን ነገር አማቴ አያውቁም ነበር። ቢያውቁ ምግብ እንደሚያቆሙ ስለማውቅ ለሰው ሁሉ የምለው ጨጓራ ነው። «ብረት ነኝ» አልኩት። ብረት መሆኔንም ጻፈ።

ለእውነት ያህል ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ደስታዬ ናቸው» ያልኩት ውሸት ብቻ አልነበረም። እኚህ ሴት ዛሬም ዓሣ ሲቀርብ የጉንጩን ሥጋ፣ ያንን ምርጡን ቁራሽ፣ በሚንቀጠቀጥ የመብያ እንጨታቸው እየተከታተሉ ይዘው እኔ ሳህን ላይ እስኪጥሉት ድረስ ራሳቸው አይቀምሱም፤ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ይወድቅባቸዋል፤ አንሺውና ብዪው ይሉኛል። እኚህኑ ሴት ደግሞ ከመኝታ ሳነሳቸው ወገቤ ይቆረጣል፣ አንዳንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቅሳለሁ። ሁለቱም የሆነው በአንድ ቤትና በአንድ ቀን ነው። በመጠይቃችሁ ላይ አራት ሳጥኖች አየሁ፤ ይህን የሚያስቀምጡበት አምስተኛ ግን አላየሁም።

አራተኛ፤ ልጁ ከሄደ በኋላ የሆነውን ስላላያችሁ አመሰግናለሁ፤ ብታዩት ኖሮ የማዕከሉ ጠቅላላ ሥራ ይበላሽ ነበር። አማቴ እንግዳቸውን እስከ አጥር በር ሸኙ። እሱ መኪናውን አስነስቶ በዓሣ ጨረታ ቦታው ማዕዘን እስኪታጠፍ ድረስ ቆመው እጃቸውን አውለበለቡ። መኪናው ተሰወረ፤ እጃቸው ግን እንደተነሳ ቀረ። እግራቸውም ከመሬቱ አልላቀቅ አለ። መድኃኒቱ አልቆ ነበር። እኔና ጎረቤታችን የቾልጁ እናት ወንበር አምጥተን፣ በወንበሩ ላይ አጋድመን፣ እንደ ቁም ሳጥን ተሸክመን አስገባናቸው።

የቾልጁ እናት አፏን የማትይዝ ሴት ናት። «እማማ፣ እኔን ባየች ቁጥር እንደ ወንፊት የምትንቀጠቀጥ እጅዎን ለሰውየው ትንሽ ብታሳዩት ምን ነበረበት?» አለቻቸው።

አማቴ መንጋጋቸው እየታሰረ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየገፉ «እንግዳ ፊት?» አሉ።

ከዚያ ለብዙ ቀን በራሳቸው ከጎን ወደ ጎን መዞር አልቻሉም። ሾርባ በማንኪያ ጫፍ አጠጣኋቸው። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከእጄ አምልጠው ቅንድባቸውን ከገንዳው ጠርዝ ጋር አጋጩት። ይህ ሁሉ ከመለኪያው ሰዓት ውጭ ስለተፈጸመ ማዕከሉን እንደማይመለከት እገነዘባለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ውጤቱና ስለ ሽልማቱ አመሰግናለሁ። አማቴ «እጅግ ከፍተኛ የመቋቋም አቅም» ባለቤት ሆኑ፤ እኔም «ጫናን ወደ እርካታ የመለወጥ ልዩ ችሎታ» ተገኘብኝ፤ ሁለታችንም በአንድነት «አርአያ ቤተሰብ» ተባልን። በዚህም መሠረት ተንከባካቢዋን ይበልጥ ለሚያስፈልጋቸው ማስተላለፉ ተገቢ ሆኖ መገኘቱን ገለጻችሁልን። ከምስክር ወረቀቱ ጋር የማዕከሉ ስም የተጠለፈበት ፎጣም ደርሶናል። ወፍራም ፎጣ ነው፤ እግዜር ይስጥልን። አሁን አማቴ በሚታጠቡበት ገንዳ ጠርዝ ላይ፣ ቅንድባቸውን በመታቸው ቦታ፣ ጠቅልዬ በገመድ አስሬዋለሁ። ማዕከልዎ ለአማቴ እስካሁን ካደረገው እርዳታ ሁሉ በተግባር የሠራው ይህ ነው።

በጸደይ በሚደረገው የልምድ ልውውጥ ቀን ሁለታችንም ንግግር እንድናደርግ ስለጋበዛችሁን ደግሞ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። አማቴ ግብዣውን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት ስንት ሰው እንደሚመጣና ምን እንደሚበላ ነው።

ስድስተኛ፤ አቤቱታ የሚቀበል ክፍል ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ደውዬ ነበር። ያነጋገረችኝ ልጅ ድምጿ ማር ነው። ነገሩን ሁሉ ሰምታኝ ስታበቃ፣ ድጋሚ ምርመራ የሚደረገው ታማሚዋ ራሳቸው፣ በራሳቸው አንደበት፣ «አልቻልኩም» ብለው ሲጠይቁ ብቻ መሆኑን አስረዳችኝ። ደንቡ የወጣው የትልልቅ ሰዎችን ክብር ለመጠበቅ ነው አለችኝ። ስልኩን ወደ አማቴ ጆሮ ወሰድኩት፤ በሹክሹክታም ለመንኳቸው፦ «እማማ፣ አንድ ቃል ብቻ። አልቻልኩም ይበሏት።»

አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔ ልጅ፣ በሥራ ሰዓት ስላስቸገርንሽ ይቅርታ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። አንቺስ? ምሳ በላሽ?»

«ገና ነኝ፣ እማማ።»

«እንዴ! በዚህ ሰዓት? ሂጂ ብዪ፤ በይ ሂጂ» አሉና ስልኩን እንድዘጋው በዓይናቸው አዘዙኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ «ጥያቄው በባለጉዳይዋ ፈቃድ ተነስቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ።

እንደገና ደወልኩ፤ እኔ መቋቋሜ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ መደወል አይታክተኝም። አንድ ሰው ሳይነግረን ጠዋት መጥቶ፣ እሳቸውን ለብቻ እኔንም ለብቻ ሊያነጋግረን ይችል እንደሆነ ጠየቅሁ። ትልልቅ ሰዎችን ያለ ማስታወቂያ መጎብኘት የማዕከሉን የትሕትና መመሪያ እንደሚጥስ፣ ምራትን ከአማቷ ነጥሎ መጠየቅም በቤተሰብ መካከል ጥርጣሬ እንደሚዘራ ተነገረኝ። ልክ ነው። ጥርጣሬ መጥፎ ነገር ነው። ዕጢም እንዲሁ።

ክቡር ሆይ፣ ለመሳለቅ ብቻ እንዳልጻፍኩልዎ እንዲያውቁልኝ ልመናዬን በግልጽ አስቀምጣለሁ። አንድ ሰው ይላኩልን። አይደውል። ኪኒኑ ከመዋጡ በፊት ይድረስ፤ ጸጉራቸው ሳይበጠር፣ እኔም ጥርሴን ሳልፍቅ። ምንም አይጠይቃቸው፤ ከጠየቃቸው ደህና ናቸው። ዝም ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጥና አማቴ ካልሲያቸውን እስኪያጠልቁ ይጠብቅ። አንዱን እግር ብቻ። መለኪያ ካስፈለገው ይኼ ይበቃዋል። ይህ ከቀጠሮዬ ሰኞ በፊት ቢሆንልኝ፣ እኔ ሐኪሜ ባዘዘኝ ቀን አልጋ ላይ እተኛለሁ፤ ሰኞ ካለፈ ግን የዚህ ቤት ሁለተኛዋ ሴት ምን ያህል እንደምትቋቋም የሚለካው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ሳጥን የሚያቀርበው አንድ ብቻ ነው።

የተሰጠን ማዕረግ ከአቅማችን በላይ መሆኑን በትሕትና እየገለጽኩ፣ ለማዕከልዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመለኪያዎችዎ ንጹሕ እርሳስ፣ ለአቶ ቢዮን ዎንሶክ ደግሞ አንዲት ደግ ሚስት እየተመኘሁ፣ ወገቤ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ጫናን ወደ እርካታ የመለወጥ ልዩ ችሎታ የተገኘባት፣
ናም ቦክሂ
ከዓሣ ማስጫው ጀርባ፣ ሃምፖ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለከተማችን ጋዜጣም ስለምልክ፣ ታትሞ ከወጣ የቾልጁ እናት ዓሣ ስትመርጥ ጮክ ብላ ማንበቧ አይቀርም። ስለዚህ አማቴ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ብዬ ከመላኩ በፊት ራሴ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። የዕጢው ቦታ ላይ ስደርስ ፈጠን ብዬ አለፍኩ።

«እሱን ቦታ ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት።

«መቼ ነው ያልሽው?»

«ሰኞ ነው፣ እማማ። ማስተላለፍ ይቻላል።»

«ደደብ» አሉኝ። እዚህ ቤት በሙሽርነት ከገባሁ ጀምሮ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ እየመታ ነበር፣ እኔም ልይዘው አልደፈርኩም። በመጨረሻ «ብዕሩን አንሺ» አሉኝ። የሚከተለው የእሳቸው ቃል ነው፤ እሳቸውን በክብር አጠራር፣ ራሴንም «እኔ» ብዬ ከመጻፍ በቀር የለወጥኩት የለም።

በቀጠሮዬ ሰኞ ማዕከሉ በሩን ሲከፍት፣ የቾልጁ እናት አማቴን በዓሣ መኪናዋ አምጥታ የእንግዳ መቀበያችሁ ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። እኔ ከሆስፒታል እስክወጣ ድረስ እዚያው ይቆያሉ። በውጤቱ መሠረት እርዳታ ስለማያስፈልጋቸው አታስቡ፤ የሚመጡት እንግዳ ሆነው ነው። ኪኒን አይደርቡም፣ ጸጉራቸውንም አይሠሩም። ሩዝ የሚበሉት ለስለስ ሲል ነው። ጠዋት ከመኝታ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አማቴ የክቡርነትዎ ወገብ ጠንካራ መሆኑን ስለሰሙ፣ ከሁለቱ አንዱ እርስዎ ቢሆኑ ይመርጣሉ።